ለዳዊቱ ቀለም

ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ቆመ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡ አንድ መሪጌታ ጠየቁት።

«ምን ሆነብህ ልጄ?»

«ጭሱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቱቦ በጥቀርሻ ተደፍኖ ነው መሪጌታ። ከበዓሉ በኋላ ጋራዥ አስገብቼ አስጠርገዋለሁ።»

«ጥቀርሻውንስ?»

«ምን ይሠራልኛል? እደፋዋለሁ።»

«እንዳትደፋው! ቀለም እበጠብጥበታለሁ። ዳዊት እየጻፍኩ ጥላሸት አለቀብኝ፤ መንደሩ ሁሉ በኤሌክትሪክ ማብሰል ጀምሯል።»

«ይሄ እኮ ዘይት የጠጣ ነው፤ ብራናዎን ያበላሽብዎታል።»

«ምጣድ ላይ ቆልቼ ዘይቱን አስለቅቀዋለሁ። ብቻ ዳዊቱን ለበዓሉ ካላደረስኩ ያዘዙኝ ሰዎች ሥራውን ነጥቀው ለሌላ ጸሐፊ ይሰጡብኛል።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ቆመህ የለ? አሁኑኑ ፍታው።»

«ሞተሩ እሳት ነው፤ ሳይበርድ አይነካም።»

«እንጠብቃለን» አሉና ከከረጢታቸው ባዶ ጣሳ አወጡ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት፣ «እኛስ መሪጌታ? ገበያው ሊበተን እኮ ነው!» አለች።

«በረከቱ ለእናንተም ነው።»

ጣሪያው ላይ የጫንኩት ቅቤ ፀሐይ እየመታው መሆኑን እያወቅሁ፣ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባሁ።