ከአምባሰል የወደቀው የተሰማ በሬ

በእኛ ዘመን፣ መምህር፣ አምባሰል እንደዛሬው አጭር አልነበረም። ምን ያስቅሃል? ጻፈው እንጂ! ዝናቡ አጥቦት፣ ከብቱ ረግጦት፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ «እርከን ሥሩ» እየተባልን ድንጋዩን ፈንቅለን ፈንቅለን ነው እንዲህ ያነሰው። ያኔ ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ጨረቃ ስታልፍ ጎንበስ ይል ነበር፣ ቆቡን እንዳትወስድበት።

— ያ ረቢ! አንተ ሰውዬ፣ ለተማሪዎች እኮ ነው የሚጽፈው!

ሰማሃት? ዘሃራ ናት፣ ባለቤቴ። እዚያ ጥግ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትል ትመስልሃለች፣ እኔን ነው የምትጠብቀው። አንዲት ቃል ካመለጠችኝ ከአዝመራ እንደገባ ከብት መልሳ ታወጣኛለች። ተዋት።

አንተ የጠየቅኸኝ ስለ አገራችን መልክዓ ምድር ነው፣ ስለ ምርቱ፣ ስለ ታሪኩ፣ አይደለም? እሺ። እኔ ይህን ሁሉ የማውቀው በአንድ በሬ ነው። ቦራ ይባላል፣ የተሰማ በሬ ነው። ተሰማ ክርስቲያን ነው፣ እኔ እስላም ነኝ፣ ቤታችን ግን አጥር ለአጥር ነው። ከዚያ ከክፉው ድርቅ በኋላ ለእሱም አንድ በሬ ቀረው፣ ለእኔም አንድ በሬ ቀረኝ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ታዲያ መቀናጆ ገባን፣ የእሱን ቦራና የእኔን ዳልቻ በአንድ ቀንበር እያጠመድን አንድ ቀን የእሱን መሬት፣ አንድ ቀን የእኔን እናርሳለን። እና ዓርብ እኔ ጁምዓ አለብኝ፣ በሬዎቹ ያርፋሉ። እሑድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ በሬዎቹ ያርፋሉ። የእኔ መውሊድ፣ የእሱ ሚካኤል፣ የእኔ ዒድ፣ የእሱ ገብርኤል፣ በመላው ኢትዮጵያ እንደነዚያ በሬዎች ያረፈ ፍጡር አልነበረም። ኋላ ኋላማ ዳልቻ ዓርብ ዓርብ ቀንበሩን ሲያይ ራሱ አንገቱን መንሣት ጀመረ።

— ወላሂ በል እስቲ!

ወላሂን ለዚህ አናወጣትም፣ ዘሃራ። ለትልቅ ነገር ትቀመጥ።

ታዲያ ያን ቀን የጤፍ መሬታችንን የመጨረሻ እርሻ ስናርስ ቆይተን፣ በሬዎቹን ፈታንና ምሳ ለመቅመስ ቁጭ አልን። ቦራ አፋፉ ላይ አንዲት ለምለም ሣር አየ። አንገቱን ሰገግ አደረገ፣ አልደረሰባትም። አንድ እግር ጨመረ፣ አልደረሰባትም። ሌላውን እግር ሲጨምር መሬቱ አለቀ፣ እና ወደቀ።

አሁን ብዕርህን አጥብቀህ ያዝ፣ መልክዓ ምድሩ እዚህ ጋ ነው። ቦራ መጀመሪያ በደጋው በኩል አለፈ። ገብስ ነው፣ ባቄላ ነው፣ በግ ነው፣ ብርድ ነው። ደገኞቹ በርኖሳቸውን ተከናንበው «ማነው የሚያልፈው?» አሉ፣ «የተሰማ በሬ ነው» ተባሉ፣ «በሰላም ያግባው!» ብለው መረቁት። ከዚያ ወደ ወይና ደጋው ወረደ፣ ጤፉና ስንዴው፣ ከየዛፉ የተሰቀለው የንብ ቀፎ፣ ንቦቹ ትንሽ አጀቡትና ተመለሱ። ከዚያ ብርቱካኑ ዘንድ ደረሰ። የአምባሰል ብርቱካን፣ መምህር! አንዷን ስትልጣት ሽታዋ ሐይቅ ከተማ ይሰማ ነበር። ቦራ አንዷን በአፉ ቀጠፈና ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ወደ ማሽላው። እየወደቀ ታሪኩንም አየው፣ በአንድ በኩል ግሸንን፣ ያቺን የነገሥታት ልጆች ታስረው የኖሩባትን አምባ፣ በሌላ በኩል ውጫሌን፣ ፈረንጆች መጥተው ውል የተዋዋሉባትን። ቀኑ የውጫሌ ገበያ ነበረና ደገኛው ገብሱንና በጉን ይዞ ሲወርድ፣ ቆለኛው ማሽላውንና ብርቱካኑን ይዞ ሲወጣ፣ ከባቲ የመጣው ጨው በአህያ ሲገባ፣ ሁሉንም አየ። እኛ ዕድሜ ልካችንን ወጥተን ወርደን ያየነውን አገር እሱ በአንድ ጊዜ ጨረሰው። ወደ ታች ቢያይ የሐይቅ ውኃ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላው ሐይቅ፣ አርዲቦ፣ «ከሁለቱ የትኛው ውስጥ ልግባ?» እያለ...

— ከእርከን ነው የወደቀው! ከአንድ እርከን! ከዚህ በር አይበልጥም!

ከሁለት እርከን ነው።

— ከአንድ!

እሺ፣ እርከን ነው። የገበሬ ማህበሩ ያሠራን እርከን ነው። ግን አወዳደቁ ክፉ ነበር። ከሥር በሁለት ቋጥኞች መካከል ተሰነቀረ፣ የኋላ እግሩ ከሆዱ ሥር ታጥፎ ገባ፣ አንገቱ ተጠምዟል፣ ያጓራል። ብንስበው አይነሣም። ታዲያ ሰዉ ሁሉ «በቃ፣ አለቀለት» አለ።

ይህን ደግሞ ለልጆቹ ግለጽላቸው። በእኛ አገር በሬ ገደል ከገባ ነፍሱ ሳትወጣ ይታረዳል። ቅሬያችን፣ ማለት ለቅሶና ችግር የምንረዳዳበት ማህበር፣ ሥጋውን መደብ መደብ አድርጎ ለየቤቱ ያካፍላል፣ ሰዉ ሁሉ መደቡን ይወስድና ለአዝመራ እህል ይሰጣል፣ ባለበሬው በዚያ ሌላ በሬ ይተካል። ከሞተ ግን በክት ነው፣ የጅብ ነው። ደግሞ እስላም ካረደው የሚበላው እስላሙ ነው፣ ክርስቲያን ካረደው የሚበላው ክርስቲያኑ ነው። እና ቦራ ካልተተካ የእኔ ዳልቻ ብቻውን ምን ያርሳል? የተሰማም መሬት፣ የእኔም መሬት ጦም ያድራል። በዚያ ዘመን ደግሞ ጦም ያደረ መሬት የመሬት ሽግሽግ ሲመጣ ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር። የሁለት ቤት ልጆች ናቸው እዚያ ቋጥኝ መካከል የተሰነቀሩት።

ታዲያ ተሰማ ቢላዋውን መዞ መጣ፣ እና ምን አለኝ?

«ይመር፣ እንካ እረድ።»

«እኔ?»

«አዎ አንተ! መንደሩ እስላሙ ይበዛል። እናንተ ከበላችሁት በሬ እተካለሁ። እኔ ካረድኩት ማን ይወስድልኛል?»

«ይህን በሬ ከጥጃነቱ ማን አሳደገው?»

«ልጆቼ።»

«እና ልጆችህ ዳር ቆመው የእኔ ልጆች ሲበሉት ይዩ? ወግድልኝ! አንተ እረድ።»

«በእስጢፋኖስ ይዤሃለሁ፣ እረድ!»

«በነቢ ይዤሃለሁ፣ አንተ እረድ!»

እና እኔ ቀንዱን ይዤ የበሬውን ራስ ወደ ምሥራቅ አዞርኩለት፣ እነሱ ሲያርዱ ወደዚያ ነውና። ተሰማ ደግሞ ቀንዱን ከእጄ ነጥቆ ወደ ቂብላ፣ እኛ ወደምንሰግድበት ወደ መካ በኩል፣ አዞረልኝ። እኔ ወደ ምሥራቅ! እሱ ወደ ቂብላ! ሰዉ ሊያግዘን ገባ፣ ማን ማንን ቢያግዝ ጥሩ ነው? እስላሙ ሁሉ ከእኔ ጋር ወደ ምሥራቅ ይጎትታል፣ ክርስቲያኑ ሁሉ ከተሰማ ጋር ወደ ቂብላ ይጎትታል! የቅሬያችን ዳኛ አያ ሙሄ ከላይ ቆመው ይጮኻሉ፣ «ወንድሞቼ፣ ፍቅራችሁ በሬውን ሊገድለው ነው! አንዳችሁ እንኳ ጨክኑ!»

በዚህ መሀል ካድሬው መጣ። እርከኑን ሊመረምር ከውጫሌ የተላከ ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ ሽጉጡ ከወገቡ ይበልጣል።

«ጓዶች! ምንድን ነው ይህ ግርግር?»

ነገርነው።

«በሬ ሃይማኖት የለውም! ይህ የአድኃሪ አስተሳሰብ ነው! በሰፊው ሕዝብ ስም ይታረድ!»

አያ ሙሄ ጎንበስ ብለው፣ በትሕትና፣ «ጓድ፣ በሰፊው ሕዝብ ስም የታረደውን ማን ይበላዋል?» አሉት።

«ሰፊው ሕዝብ ነዋ!»

«ሰፊው ሕዝብ እኛ ነን። አንበላውም።»

ካድሬው ቀላ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገና «እንግዲያው አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል!» አለ።

መምህር፣ እዚህ ላይ ማንም አልሳቀም። ያ ቃል በዚያ ዘመን በበሬ ላይ ብቻ አልነበረም የሚባለው። እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ደግሞ በጥይት የሞተ ለእኛም በክት ነው፣ ለእነሱም በክት ነው። ተሰማ አየኝ፣ አየሁት። ሁለታችንም ዘለን ገባን፣ ሰዉም ተከተለን፣ እኔ አሁንም «ወደ ምሥራቅ!» እሱ አሁንም «ወደ ቂብላ!» እንዳልን ነው፣ ያለ የሌለ ኃይላችንን ሰብስበን አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ስንወዘውዘው፣ ያ ከሆዱ ሥር የታጠፈው እግር ቧ! ብሎ ከቋጥኙ ወጣ። ለካስ ስንጎትተው የዋልነው ሁሉ ቀስ በቀስ ሲያላቅቀው ነበር። ቦራ ተነሣ። ጆሮውን አራገፈ። ካድሬውን አየው፣ ተሰማን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እያነከሰ ዞሮ በእርከኑ ጫፍ ወጣና ዳልቻ አጠገብ ሄዶ ሣሩን መጋጥ ጀመረ። ያችን ሣር! የወደቀባትን!

ካድሬው እጁን ከሽጉጡ አነሣና ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ፣ ጓዶች? በተባበረ ክንድ የማይነሣ ነገር የለም!» ብሎ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ያኔ ለማጨብጨብ ማን ሰነፍ ነበር? ተሰማ ግን እያጨበጨበ ዕንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር፣ ትከሻዬን ይዞ «አብሽር፣ ይመር፣ አብሽር» ይለኛል፣ የሚያለቅሰው እሱ፣ የሚያጽናናው እኔን።

ጤፋችንን ዘራን። መሬታችንም አልተነካም። ቦራ ትንሽ እያነከሰ ብዙ ዓመት አረሰ።

ዛሬማ ወደ ውጫሌ በባጃጅ ነው። ብርቱካኑን በሽታ ጨረሰው፣ እርከኑ ግን አለ፣ ሣር በቅሎበታል። ተሰማ ሞተ። መቃብሩን የቆፈርነው እኛ የቅሬው እስላሞች ነን፣ እኔም አቅም ባይኖረኝም ዶማውን ይዤ ቆሜ ነበር። አጥሩ አሁንም አለ፣ ግን ከወዲያ ማዶ «ይመር፣ በሬዎቹን አጠጣህ?» የሚለኝ የለም።

— አያ ይመር፣ ታዲያ ካወሩኝ ውስጥ የቱን እውነት ብዬ ልጻፍ?

አምባሰልን እንደፈለግህ ጻፈው፣ መምህር፣ ተራራው አይከስህም። ጨረቃዋንም ተዋት። ስለ በሬው አልምልም። ግን ተሰማ፣ ከዚያ በሬ በቀር ምንም ያልነበረው ሰው፣ ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙሮ «እንካ፣ አንተ እረድ» ብሎኛል። ይህቺን ጻፍ። ወላሂ።

— እሱስ እውነት ነው፣ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። እርከኑ ግን አንድ ነበር።