በወለላ ስም የሚሰጥ ደም

(ደሴ፤ ጠዋት፣ ገና ባልተከፈተ የሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ ባለቤቷ ወለላ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች፤ ታናሽ እኅቷ አስካለ ፊት ለፊቷ ቆማለች።)

ወለላ፦ አንድ መርፌ ደም ነው የጠየቅሁሽ፤ ክንድሽን ቁረጪልኝ አላልኩም!

አስካለ፦ ሁለቴ በስምሽ ሰጠሁልሽ፣ እትዬ። ሦስተኛ አልሰጥም።

ወለላ፦ ዛሬ ምን ተገኘ?

አስካለ፦ እግርሽን እዪዋ! በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል።

ወለላ፦ ቆሜ ነው የምውለው፤ ያብጣል።

አስካለ፦ ገና ከአልጋ መነሳትሽ እኮ ነው። ሽንቴ አረፋ ይላል ያልሽኝስ ራስሽ አይደለሽ?

ወለላ፦ ደግሞ ነርስ ሆንሽብኝ።

አስካለ፦ ሐኪሙ ምን ነበር ያለሽ? «ኪኒኑ ቆዳሽን ያጠራል፤ ሲቆይ ግን ኩላሊት ይጎዳል። በየወሩ ደምሽን እያየሁ ነው የምሰጥሽ» አላለም?

ወለላ፦ አለ። አይቶም በግማሽ ቀነሰብኝ። ከዚያስ? የቆዳዬ ቅርፊት ክርኔ ላይ ተመልሶ አልመጣም? ያቺ ደንበኛዬ ትከሻዋ ላይ የረገፈባትን አራግፋ፣ ጸጉሯ ሳያልቅ ስትወጣ አላየሻትም?

አስካለ፦ አየሁ። አሳዘንሽኝና ገብቼ ተወጋሁልሽ። እሱ ደግሞ የእኔን ደም አይቶ «ኩላሊትሽ አገግሟል» ብሎ ሙሉውን መለሰልሽ። እኔ ነኝ ያስጨመርኩብሽ!

ወለላ፦ እሰይ! እጄን እዪው፣ የሕፃን እጅ ነው የሚመስለው።

አስካለ፦ ውስጥሽ እያለቀ ነው። ነገ አብረን እንሂድና የራስሽን ደም ስጪ። ለሐኪሙ እኔ እነግረዋለሁ፤ ቢቆጣም እኔን ይቆጣ።

ወለላ፦ ባሌስ? ዘሪሁን ቅርፊቴን አንድ ቀን አይቶት አያውቅም። ቅርፊቱ የተመለሰብኝ ጊዜም መኪናውን ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ስለነበር ነው የተረፍኩት።

አስካለ፦ ባልሽ አይደል? ይየዋ።

ወለላ፦ እሱን ነዋ የፈለግሽው! እዚህ ቤት መመላለስ የጀመረው ለአንቺ ብሎ እንደነበር የማላውቅ መሰለሽ?

አስካለ፦ እሱን ተይው፣ እትዬ።

ወለላ፦ ለምን እተወዋለሁ? «በሽተኛዋ እሷ ናት፤ ልብሷን ስታወልቅ ብታያት ትሸሻለህ» ያልኩት እኔ ነኝ።

አስካለ፦ እኔን?

ወለላ፦ አንቺን። ወዲያው አመነኝ። ያንን የመሰለ ቆዳ ይዘሽ ማን ዞር ብሎ አየሽ? ሄደሽ ንገሪው ደግሞ፤ ቅናት ነው ይልሻል።

አስካለ፦ ላቦራቶሪው ስንት ሰዓት ነው የሚከፍተው?

ወለላ፦ ሁለት ሰዓት። ትሄጃለሽ?

አስካለ፦ እሄዳለሁ። በየወሩ እሄድልሻለሁ። አንቺ ብቻ ኪኒንሽን አንድም ቀን እንዳታሳልፊ።