ያልተጠመቀው ጠላ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንዲት ልጅና አንድ ሽማግሌ ወሬ ጀመሩ።

«ምነው ልጄ፣ ደስታ አላስቀምጥ አለሽ?»

«ኮሌጅ ልመለስ ነው አባባ! ነርስነት ልጨርስ አንድ መንፈቅ ሲቀረኝ፣ የምከፍለው አጥቼ ቤት ገብቼ ነበር።»

«ታዲያ ከየት ተገኘ?»

«ከእናቴ ማኅበር! የዚህ ወር የሚካኤል ተረኛ እሷ ናት። ቤታችን የቀረው ለድግሱ ያስቀመጠችው ገብስ ብቻ ነበር።»

«ሸጠችው እንዳትዪኝ! ማኅበርተኛው ምን ጠጣ?»

«ጠበል!»

«ጠበል ብቻ?»

«ከቆሎ ጋር! እማዬማ ገብሱን ለብቅል ልትዘፈዝፍ ስትል፣ የከለከሏት እነሱው ናቸው። ‹ጽዋውን በጠበል እንሞላዋለን፣ አንቺ ገብሱን ሽጠሽ ልጅቷን አስጨርሻት› አሏት። እንደውም ሲመጡ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁና ገብስ ጨመሩበት!»

«እሰይ! አንድም ያጉረመረመ የለም?»

«አንድ ሽማግሌ ብቻ ጽዋውን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ሳቁና ‹ስትመረቂ ጠላው ካንቺ ነው፣ ታዲያ ወፈር ይበል!› ብለው መረቁኝ።»

«አሜን በያ!»

«አሜን ብያለሁ አባባ! ጌሾውን ከአሁኑ ነው የምገዛው!»

እኔ ባለፈው ወር ማኅበራችን ላይ፣ ጠላሽ ቀጠነ ብዬ ያኮረፍኳትን ጎረቤቴን አስታውሼ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።