የውባንቺ ጌሾ

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፤ ያንን ጆግ ያስቀምጡት!»

«አላስቀምጥም። የዛሬ ድርሻውን ገና አልጠጣም።»

«ትናንት ጠጥቷል፤ ከትናንት ወዲያም ጠጥቷል። ሰው እንኳ እንዲህ ሲጠጣ ቢከርም ይሰክራል!»

«ይህ ለጠጅ የተፈጠረ ነው፤ ስካር አይፈራም» አሉ አቶ ባንታየሁ። ቀልዱን ሲናገሩ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

አቶ ባንታየሁ በናይሮቢው የኢስትሊ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ ውባንቺን ከቀበሩ ዓመት ያልሞላቸው ሰው ናቸው። ቆመው የሚከራከሩባት ከሩንዳ ሰፈር ወዲያ፣ ወንዝ ዳር ያለች የኪራይ ማሳ ናት፤ የአገሬው ሰው ሻምባ ይላታል። የምትሟገታቸው ሚዛን የውባንቺ የእህት ልጅ ናት። ናይሮቢ ተወልዳ፣ ስለ አፈርና ስለ ተክል ተምራ፣ ገበሬዎችን በሚያማክር ድርጅት ተቀጥራለች። የጠቡም መነሻ አንድ እግር ጌሾ ነው። ውባንቺ በገዛ እጇ የተከለችው ነው፤ በሕይወት ሳለች ቅጠሉ ለኢስትሊ ጠጅ ጣዮች ሁሉ ይዳረስ ነበር። አሁን ግን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል።

ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በተደፋ ባልዲ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሚልካ ትባላለች፤ የአገሬው ሰው ናት። የሕይወትን ኃይል በመዳፌ ወደ ተክልና ወደ አፈር አስተላልፋለሁ፤ እርሻን ያለ መርዝና ያለ ማዳበሪያ እፈውሳለሁ ትላለች። ውሃ የሞላውን ጆግ በሁለት መዳፍ መካከል ይዞ ዝም ማለትን፣ መዳፍ ሲሞቅም ውሃውን ከተክሉ ሥር ማፍሰስን ለአቶ ባንታየሁ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። አማርኛ ስለማታውቅ ጠቡን የምትከታተለው በዓይኗ ብቻ ነበር።

«ሲሪየስሊ ጋሼ፣ እርስዎ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ፣ የንስሐ አባት ያለዎት ሰው! አባ ሐብተማርያም ይህን የመዳፍ ፈውስ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ‹ጸልይ፤ የሚያውቅ ሰውም ጠይቅ› አሉኝ።»

«እኔ የሚያውቅ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺማ ‹ይቆረጥ› አልሽ! አክስትሽ የተከለችውን በመጋዝ! መጀመሪያ እኔን ቁረጪኝ።»

ጫጩት ያገኘ ሕፃን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንዳታመልጠው ብሎ አጥብቆ ይይዛታል፤ ጭብጡን እንዲፈታ ቢነግሩት የሚነጥቁት ይመስለዋል። ሐዘንተኛም እንደዚያው ነው። ሚዛን ይህን ዘግይታ ተረዳችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሲነኩት ምን ይሰማዎታል ጋሼ?»

ሽማግሌው ጆጉን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉ።

«መዳፌ ይሞቃል። ሳቂብኝ፤ ግን ይሞቃል። ማታ ምግብ ቤቱን ዘግቼ ስገባ ቤቱ ቤት አይመስለኝም። ነጠላዋ ምስማሩ ላይ አለ፤ እሷ የለችም። እዚህ ስመጣ ግን፣ ይህን ቅጠል ስነካ፣ አሁን ከወንዙ ወጥታ ‹አንተ ሰውዬ፣ ምሳ ሳትበላ መጣህ?› የምትለኝ ይመስለኛል። እናንተ ዘመዶቼ ተዝካሯን አወጣችሁ፣ ‹በርቱ› አላችሁኝና ወደየሥራችሁ ሄዳችሁ። ይህች ሴት ግን እየመጣች አጠገቤ ዝም ብላ ትቀመጥ ነበር።»

ነገሩ እውነት ነበርና ሚዛን አንገቷን ደፋች።

«ፖሌ ሳና ጋሼ፤ በጣም ይቅርታ። ሙቀቱን አልክድም። ግን የሚሞቀው የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነዋ!»

«እንግዲያው መድኃኒቱ ለእርስዎ ነው የተሰጠው፤ ይውሰዱት። ጌሾው ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።»

ከግንዱ አጠገብ በዶማ ቆፈረችና እጃቸውን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ከተተችው። ጥቁር ጭቃ ነው፤ ሲቆፍሩት ውሃ አቀረረ። አቶ ባንታየሁ የያዙት ሥር እንደ ተቀቀለ ጎመን በጣታቸው መካከል ተላጠ፤ ሽታውም የገማ ነበር።

«ሥርም እንደ ሰው ይተነፍሳል» አለች። «ይህ መሬት ውሃ ይይዛል እንጂ አያሳልፍም። አክስቴ ስንት ጊዜ ታጠጣው ነበር?»

«በጋ ካልሆነ አታጠጣውም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲያውም ቅጠል ስትለቅም ያለ ርኅራኄ ነበር ቅርንጫፉን የምትሰብረው። ‹ጌሾ ካልቆረጡት ያረጃል› ትለኝ ነበር። እኔ እኮ ከሞተች ወዲህ አንድ ቅጠል አልበጠስኩም...»

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ጭቃ የነካውን እጃቸውን አዩት።

«እኔ ነኝ ያሰጠምኩት?»

«ወድደው ነው ጋሼ። በዚህ በኩል ያለው ሥር ግን ነጭ ነው፤ አልሞተም። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሸክሙ ቢቀልለት ይህ ሥር ሊያኖረው ይችላል።»

«ቆርጠነው ባያቆጠቁጥስ?»

«ላያቆጠቁጥ ይችላል። አልዋሽዎትም። እንዳለ ከተውነው ግን መሞቱ አይቀርም።»

አቶ ባንታየሁ ጌሾውን ከታች እስከ ላይ አዩት። ከዚያ ጆጉን ሣሩ ላይ አስቀመጡ።

«መጋዙን አምጪ። እኔው ነኝ የምቆርጠው።»

እየቆረጡ ይጠይቃሉ፤ እየቆፈረች ትመልሳለች። ውሃው ወደ ወንዙ እንዲወርድ ቦይ ይከፈታል። ጤነኛው ቅርንጫፍ ተቆራርጦ ከላይ፣ ዳገቱ ላይ ባለው ቀይ አፈር ይተከላል፤ ሁሉም ባይሆን ጥቂቱ ይይዛል። ከምግብ ቤቱ በየቀኑ የሚጣለው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ከደረቅ ቅጠልና ከፍግ ጋር ተደርቦ ይበሰብስና መሬቱን ይመግባል፤ ጭቃውም ይላላል። በየመካከሉ ባቄላ ቢዘራ ለአፈሩም ለድስቱም ይተርፋል። መርዝ መርጨት አያሻም። ጌሾውም ብዙ እግር ሲሆን አንዱ ቢደርቅ ዘሩ አይጠፋም፤ የኢስትሊ ጠጅ ጣይም ቅጠሉን እንደ ድሮው ያገኛል፤ ችግኝ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል።

«መዳሰሱንስ ልተወው?» አሉ አቶ ባንታየሁ፤ ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆኖ።

«ለምን ይተዉታል? በየጊዜው መጥቶ የሚዳስስ ሰው በሽታን ቀድሞ ያያል። ሲዳስሱ ግን ጣትዎን አፈሩ ውስጥም ይክተቱ። እርጥብ ከሆነ ውሃውን ይተዉ፤ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ።»

«ይህንንስ እችላለሁ» አሉና ቁራጩን አገላብጠው አዩት። «የቱ ነው ወደ ላይ የሚሆነው?»

«ቡቃያው ወደ ሰማይ የሚያየው ነዋ! ስንት ዓመት ከአክስቴ ጋር ኖረው ይህን አያውቁም?»

«እኔ ተሸካሚ ነበርኩ እንጂ መቼ አስተከለችኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ቁራጮቹን ታቅፈው ዳገቱን ወጡ።

ሚልካ ከባልዲው ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ወንዙ ዳር ወርዳ መዳፎቿን ታጠበች፤ በአጥሩ ክፍት በኩልም ወደ አስፋልቱ ወጣች። አንድ ማታቱ ታክሲ ቆመላት፤ ገባች፤ ረዳቱ ጣሪያውን መታ አደረገና መኪናው ወደ ከተማ ወረደ።

ከላይ አቶ ባንታየሁ የሁለተኛውን ጉድጓድ ርቀት በእግራቸው እየለኩ ነበር።

«ፈንጠር አድርጊው» ይላሉ፤ «ውባንቺ እኮ አጠጋግታ መትከል አትወድም ነበር።»