የኦቦ ኤጄታ ቁጣና የዱረቲ የጌም ቪዲዮ

በ2004 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ጌዶ የዘመድ ለቅሶ ደርሼ ወደ አምቦ ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ጎን በቀር ባዶ ቦታ አላገኘሁም። ሽማግሌው ግራጫ ኮት የለበሱ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ የመንግሥት ሥራ ሠርተው በጡረታ የተገለሉ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ለብቻቸው በኦሮምኛ ይናገሩ ጀመር። ቋንቋውን ስለማውቅ የሚሉት ሁሉ ይገባኛል። «ገብቼ ነቃቅዬ እጥለዋለሁ» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ «እየጎተትኩ ነው የማመጣት» ይላሉ።

ሰው ሊመታ ከሚሄድ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ዝም ማለት ከበደኝ። ስሜ ዘሩባቤል እንደሚባል፣ አምቦ ውስጥ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ የመንገድ ደንብ እንደማስተምር ነገርኳቸውና፣ ምን እንዳስቆጣቸው በትሕትና ጠየቅሁ። መጀመሪያ ገላመጡኝ። ኋላ ግን የልባቸውን የሚሰማ ሰው ሲፈልጉ ኖሮ ሁሉንም አወጡት።

ኦቦ ኤጄታ ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በገጠር ክሊኒኮች በጤና ረዳትነት አገልግለዋል፤ ጌዶ ውስጥ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ወንዱ ሚልኬሳ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ፣ ሾፌሩ ጠመዝማዛ ላይ ሌላ መኪና እቀድማለሁ ብሎ ከአውቶቡስ ጋር ተጋጨና በሃያ አንድ ዓመቱ ሞተ። ሁለት ዓመት ሆነው። ሴቷ ዱረቲ አምቦ ኮምፒውተር ተምራ ጨርሳ እዚያው ቀርታለች። ኮምፒውተር አስተምራለሁ ትላቸው ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ከጸሎት ሲወጡ ኦልጅራ የሚባል የቤተ ክርስቲያኑ ሰው በብዙ ሰው ፊት «ልጅዎ አምቦ ላይ ጌም ቤት ከፍታለች አሉ። መኪና እየገለበጡ ይስቃሉ፤ እሱንም በቪዲዮ ይቀዳሉ» አላቸው።

«መኪና እየገለበጡ» ብለው ደገሙ። አውቶቡሱ፣ ኋላ እንደነገሩኝ ሚልኬሳ የሞተበትን ቁልቁለት ሲወርድ ዓይናቸውን ጨፍነው የፊተኛውን ወንበር ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር።

እውነቱን ለመናገር በልቤ የፈረድኩት ለእርሳቸው ነው። ጌምን የማውቀው ሠልጣኞቼን ከክፍል የሚያስቀርብኝ ሌባ አድርጌ ነው። ጌም ተጫውቶ፣ የተጫወተውንም ቀድቶ ማስቀመጥ ደግሞ የባሰ ሞኝነት መሰለኝ። ቢሆንም ሽማግሌውን አምቦ ስንደርስ ከነቁጣቸው ብቻቸውን ልተዋቸው አልቻልኩም፤ ቤቱን አብረን እንፈልግ ብዬ ተከተልኳቸው።

ቤቱ ከገበያው ዝቅ ብሎ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ስንገባ አምስት ሰዎች በሁለት ኮምፒውተሮች ዙሪያ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ጠና ያሉ ሴትም ነበሩ። ዱረቲ እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች። በትልቁ ስክሪን ላይ አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለት ይወርዳል። እኛ በሩ ላይ እንደቆምን መኪናው ጠመዝማዛው ላይ ሳተና ተገለበጠ። መሪውን የያዘው ጥሩሰው የሚባል ወጣት ከት ብሎ ሳቀ።

ኦቦ ኤጄታ ሦስት እርምጃ ተራምደው የኤሌክትሪኩን ገመድ ከግድግዳው መነጨቁት። ስክሪኑ ከገመዱ ጋር ተጎትቶ ወለሉ ላይ ወደቀና ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ዱረቲ መጀመሪያ ያየችው የተሰበረውን አልነበረም። ወደ ጥሩሰው ዞራ፣ ድምፅዋ በንዴት እየተቆራረጠ፣ በሚቀዳበት ጊዜ የሚስቅ ሰው ሳቁም አብሮ እንደሚቀዳ ስንት ጊዜ እንደነገረችው ጠየቀችው። ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አባቷን አየች።

«የወንድምሽን ሞት መጫወቻ አደረግሽው?» አሏት።

«አላደረግሁትም፣ አባ።»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያዩት ጥሬውን ነው። የተሠራውን አላዩም። ይቀመጡና ይዩት፤ ካዩት በኋላ ቢመቱኝም ይምቱኝ፣ ጌዶም ቢወስዱኝ እሄዳለሁ።»

አልቀመጥም አሉ። ጌም ያው ጌም ነው፣ ከቁማር ቤትና ከፑል ቤት ጋር አንድ ነው፣ የሰው ልጅ እድሜውን የሚያፈስበት ጉድጓድ ነው እያሉ ቆመው ተናገሩ። ንግግራቸው ረጅም ነበር። እርሷም ቆማ እስኪጨርሱ ጠበቀች። እኔ ይህን ጊዜ ነው ልጅቷን ማክበር የጀመርኩት፤ ፊቷ በቁጣ ቀልቶ ሳለ የአባቷን ቃል አላቋረጠችም።

ሲጨርሱ ጥሩሰው ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣ። ዱረቲ ሥራን ሁሉ በሁለት ቦታ ማስቀመጥን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት አድርጋው ስለነበር፣ ስክሪኑ በተሰበረው ኮምፒውተር የነበረው ሁሉ እዚያም ነበር። ሽማግሌው ወንበር ያዙ፤ ነገር ግን ባርኔጣቸውን አላወለቁም።

መጀመሪያ ጥሬውን ከፈተች። አርባ ደቂቃ ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይጋጫል፣ ተጫዋቹ ያወራል፣ ያስላል። ሦስት ደቂቃ ሳንሞላ እኔ ሰለቸኝ፤ ሽማግሌውም «ይኸው፣ አላልኩም?» አሉ።

«ልክ ነዎት» አለች ዱረቲ። «ጀማሪ ሁሉ ይህን ቀድቶ ቪዲዮ ሠራሁ ይላል። ይህ ቪዲዮ አይደለም፤ እንክርዳዱ ያልተለቀመ እህል ነው።»

ከዚያ እንዴት እንደሚለቀም አስረዳች። ከመቅዳት በፊት ለተመልካቹ የሚነገረውን አንድ ነገር በወረቀት ላይ መጻፍ ነው፤ ሁለት ነገር ከተጻፈ አንዱ ይሰረዛል። ያንኑ ጠመዝማዛ ሦስት አራት ጊዜ ነድቶ መቅዳት ነው፤ አንዴ ከሾፌሩ ወንበር፣ አንዴ ደግሞ እንደ አሞራ ከላይ፣ ጌሙ የሚታይበትን አቅጣጫ እየቀየሩ። ድምፅን እየተጫወቱ ሳይሆን ለብቻ፣ ጸጥ ባለ ቤት መቅዳት፣ የሞተሩንም ጩኸት ከሰው ድምፅ በታች ማውረድ። ከዚያ መቁረጥ። የሚሽከረከር ፊደልና የሚብለጨለጭ ጌጥ የጀማሪ ፈተና ስለሆነ መተው። መጀመሪያው ላይ ደግሞ «ይህ ከጌም የተቀዳ ነው» ብሎ መጻፍ፣ ሰው እንዳይታለል።

ይህን ብላ ሁለት ደቂቃ ብቻ የሆነውን የተሠራውን ከፈተች። መኪናው ይወርዳል። ከፊቱ ቀርፋፋ መኪና አለ። ጠመዝማዛው ሊደርስ ሲል ሥዕሉ ቆመ። የዱረቲ ድምፅ በኦሮምኛ «አሁን የሚታይህ ምንድን ነው?» አለ። ጥቂት ቆይቶ «የማይታይህስ?» አለ። ከዚያ ያው ቦታ፣ ያው ቅጽበት ከላይ ታየ፤ ከኮረብታው ወዲያ አንድ አውቶቡስ እየመጣ ነው። «አሁን ጠብቅ» አለ ድምፁ። መኪናው ከቀርፋፋው ኋላ ቀረ፣ አውቶቡሱ አለፈ፣ ቪዲዮው አለቀ።

ኦቦ ኤጄታ «መገልበጡ የት አለ?» አሉ።

«ቆርጬዋለሁ።»

«ለምን?»

«ሰው ግጭት ካየ የሚያስታውሰው ግጭቱን ነው፣ አባ። እኔ እንዲያስታውስ የምፈልገው ከግጭቱ በፊት ያለችውን፣ መመለስ የሚቻልባትን ጊዜ ነው።»

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። ይህ ሁሉ ውሸት ነው፣ በውሸት መንገድ፣ በውሸት መኪና እውነት አይሰበክም አሉ። ዱረቲ ይህን ጊዜ ተጠጋቻቸው። በአገልግሎት ዘመናቸው የልምድ አዋላጆችን ሰብስበው ሲያስተምሩ በምን ያስተምሩ እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«በአሻንጉሊት። በጨርቅ በተሰፋ አሻንጉሊት።»

«አሻንጉሊቱ እውነተኛ ሕፃን ነበር?»

«ሰው በእውነተኛ ሕፃን ላይ እየተሳሳተ ይማራል እንዴ!»

«እኔም በእውነተኛው መንገድ ላይ ይህን ልቀዳ ብል ሰው መግደል ነበረብኝ» አለች።

ኦቦ ኤጄታ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ነገር ግን ቁጣቸው አልበረደም። «አሻንጉሊቱን እየሳቀ የወረወረ አንድም አዋላጅ አልነበረም» ሲሉ ጥሩሰውን በጣታቸው አመለከቱ። እዚህ ላይ ዱረቲ አልተከራከረችም፤ እውነት እንደሆነ፣ እርሷም የተናደደችው በዚያው እንደሆነ ተናገረች። ጥሩሰው ተነሥቶ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀ። አርባ ደቂቃ ተጫውቶ የሚሄድ ሰው ምንም ይዞ አይሄድም፣ እርሱ ግን የራሱን ስህተት አርባ ደቂቃ መልሶ ማየት ግዴታው ሆኖበት፣ ከዚያ ወዲህ ሞተር ብስክሌቱን እንኳ ቀስ ብሎ እንደሚነዳ ነገራቸው።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» አሏት ልጃቸውን። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከቅድሙ ይልቅ ከፍ ብሎ ነበር።

«ብነግርዎ ይሰሙኝ ነበር?» አለች፣ እርሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሚልኬሳ ከሞተ ጀምሮ በእኛ ቤት ስሙን የጠራ ሰው የለም። ፎቶውን ከግድግዳ አወረዱት፣ ጫማውን ለሰው ሰጡት። ሾፌሩን ግን አንድም ሰው ጠርቶ ምን እንዳጠፋ አልነገረውም፤ ዛሬም በዚያው መንገድ ይነዳል። ሁላችሁም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብላችሁ ተቀመጣችሁ። የእግዚአብሔር ፈቃድ አልነበረም፤ የግማሽ ደቂቃ ትዕግሥት ማጣት ነበር።»

ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይህን መናገር ድፍረት ነው። እጃቸው ይነሣል ብዬ ግማሽ ተነሥቼ ነበር። እርሳቸው ግን ወለሉ ላይ የተሰነጠቀውን ስክሪን ሲያዩ ቆዩና፣ ጎንበስ ብለው አንሥተው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። «ድገሚው» አሉ።

ሦስት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው ላይ የሠላሳ አንድ ዓመቱ የጤና ረዳትነት ልምዳቸው ተነሣባቸው። «ከጥያቄው በፊት ቃል ታበዢያለሽ» አሏት። «ልጇ ታሞባት የመጣች እናት ሁለት ነገር ከነገርሻት አንዱን ትረሳለች። ‹የማይታይህስ?› በይና ዝም በይ። ዝምታውን አስረዝሚው፤ ልቡ ይምታ።» ዱረቲ እስክሪብቶዋን አነሣችና ጻፈች። አባትና ልጅ እስከ ምሳ ሰዓት በአንዲት ዝምታ ርዝመት ላይ ሲከራከሩ ዋሉ።

እኔም በበኩሌ ድርሻዬን ወሰድኩ። ሠልጣኞቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጠመዝማዛ ሥዕል ስስልላቸው የሚያንቀላፉ ነበሩ። ዱረቲን ለምኜ ቪዲዮውን በማሠልጠኛው አሳየሁ። ቪዲዮው «የማይታይህስ?» ሲል ከኋላ የተቀመጠ፣ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድግ የመጣ የዐሥር ዓመት ልምድ ያለው ሾፌር «አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ቦታ ለመቅደም ወጥቻለሁ፤ ያዳነኝ የእኔ ብልሃት አይደለም» ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። በሰሌዳ ይህን ያህል እውነት ከሰው አፍ አውጥቼ አላውቅም። ጌምን በጅምላ ስሰድብ የኖርኩበትን ጊዜ አስቤ አፈርኩ።

ከአንድ ወር በኋላ ኦቦ ኤጄታ የራሳቸውን ድምፅ ሊያስቀዱ አምቦ መጡ። አባትየው ስለ ልጃቸው ቢናገሩ ሾፌሮች ይሰማሉ ብላ የለመነቻቸው ዱረቲ ነበረች። ተናገሩ። የልጃቸውንም ስም ጠሩ። በማግሥቱ የተቆረጠውን ስታሰማቸው ግን ቤቱን በቁጣ ሞሉት፤ የአራት ደቂቃ የመግቢያ ሰላምታቸውና ምርቃታቸው የለም።

«የሰው ሰላምታ ይቆረጣል?» አሉ።

«ሰላምታው እስኪያልቅ መኪናው ጠመዝማዛውን ያልፋል፣ አባ።»

ረጅም ጊዜ አጉረመረሙ። በኋላ «እንግዲያው የመጨረሻውንም ምርቃት አውጪው፤ በሚልኬሳ ስም ያብቃ» አሉ።

በቀጣዩ እሑድ እኔም ጌዶ ነበርኩና የሆነውን በዓይኔ አየሁ። ከጸሎት በኋላ ያ ኦልጅራ የተባለው ሰው መጥቶ፣ ልጅቷን ከዚያ ቤት አወጧት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ኦቦ ኤጄታ በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት ቱግ አሉ።

«አንተ ሳታይ ነገርከኝ፤ እኔም ሳላይ የልጄን ዕቃ ሰበርኩ። ሁለታችንም አጥፍተናል» አሉት። «አሁን ስማ። የተጫወተውን ቀድቶ መልሶ የሚያይ ሰው ጥፋቱን ያውቃል። አርባውን ደቂቃ ወደ ሁለት የሚያወርድ ሰው የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየት ይማራል። አሳጥሮ መናገር ይማራል፤ እኔና አንተ በዚህ እድሜያችን አልቻልንበትም። ሥራ ያጣ ወጣት በእጁ ሙያ ይገባለታል። ሾፌር ደግሞ ማንንም ሳይገድል ስህተቱን ያያል። ልጄ ከዚያ ቤት አትወጣም። የአንተም ሁለት ልጆች ሄደው ይማሩ።»

ኦልጅራ ግራ ተጋብቶ «ጌም እኮ ነው፣ ኦቦ ኤጄታ» አለ።

«ያንተ የመጀመሪያ ልጅ ሾፌር አይደለም?»

«ነው።»

ሽማግሌው የኮታቸውን ኪስ ዳስሰው ቪዲዮው ያለበትን ሞባይላቸውን አወጡ። ጣታቸው ቁልፉን አንዴ ስቶ በሁለተኛው አገኘው።

«ስልክህን አውጣ» አሉት። «ብሉቱዝህን ክፈት።»