ቁጭ ብሎ የሚቆጣው ሰው

ጎበዝ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ዝም በሉልኝ! ሥጋው የትም አይሸሽም። ሙርሳል፣ አጥንቱን አስቀምጠውና ጆሮህን ስጠኝ። ቀኛዝማቹ «ለደስታው መሸኛ አንድ ሰው ይናገርለት» ሲሉ ሁላችሁም ጣታችሁን ወደኔ ቀሰራችሁ። ምክንያቱን አላጣሁትም። በገና ጨዋታ ሜዳ ከጎኑ የምቆመው እኔ ነኝ። እንግዲህ ከተጋጣሚዎቻችን ሁሉ ይልቅ የዚህን ሰውዬ ዱላ የሚያውቀው የኔ ቅልጥም ነው።

ከሩቅ ለመጣችሁ እንግዶች፣ እኔ ባቢከር እባላለሁ፤ የቀኛዝማቹ በቅሎ ጠባቂ ነኝ። ይኼ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ደግሞ አያ ደስታው ነው፤ ከዓባይ ማዶ፣ ከቡለን የመጣ ሺናሻ። ቀኛዝማቹ የገና ጨዋታ ሲባል እንቅልፍ ያጣሉ። ስለዚህ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ባገሩ ሁሉ አስፈልገው እሱን አስመጡ፤ ቀለብም ቆረጡለት። ሌላው ሰው ጠመንጃ ተሸክሞ ነው እንጀራ የሚበላው፤ እሱ በገና ዱላ እንጀራውን በላ። ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኛን ማለማመድ፣ የገና ዕለት ደግሞ የሰፈሩን ሰው አሰልፎ ከገበያው ሰው ጋር መግጠም ነው። በዓሉ የኛ የእስላሞቹ ባይሆንም ዱላው ግን በሁላችንም እጅ ገባ።

የመጣበትን ቀን የሚያስታውስ አለ? እኔ አለሁ፤ ዓኢሻ ጨው ሻጯም አለች፤ ያችውላችሁ አፏን ይዛ ትስቃለች። የገበያ ቀን ነው። ይኼ ሰውዬ ጫፋቸው የተቆለመመ ዱላዎች በትከሻው ጭኖ ገበያው መሐል ገባ። ዓኢሻ ጠራችው።

«አንተ፣ ማገዶው ስንት ነው?»

«ማገዶ አይደለም።»

«እርጥብ ነው እንዴ?»

«ማገዶ አይደለም አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ጠማማ እንጨት ተሸክመህ ዓባይን የተሻገርከው ምን ሆነህ ነው?»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። እኛ አሁን ይማታል ብለን ስንጠብቅ ዱላውን ቀስ አድርጎ መሬት አኖረና መንገዱ መሐል ቁጭ አለ። የጨው አህዮች መጡ። ነጂው «ተነስ እንጂ!» ይላል፤ እሱ ወይ ፍንክች። አህዮቹ በግራና በቀኝ እየዞሩት አለፉ። አንዷ ሴት «አሞት ነው» ብላ ውሃ ረጨችበት። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፤ ቂጡን አራገፈና «አሁን አለፈልኝ። የቀኛዝማቹ ግቢ በየት በኩል ነው?» አለ። እኔ የዚያን ዕለት፣ ቀኛዝማቹ እብድ አስመጡ ብዬ ነበር።

ዱላ አወዳደዱንስ? ሚስቱ ስንቅነሽ ምስክሬ ናት። ቅቤውን ለዱላ ቀብቶ ቀብቶ ይጨርሰዋል። «የኔ ፀጉር ደርቆ የሱ ዱላ ያበራል» ብላ ቀኛዝማቹ ዘንድ ከስሳው አልነበር? ቀኛዝማቹም ስቀው ለሷ ለብቻዋ ቅቤ አዘዙላት። እሱ ከዚያም ላይ ሰረቀ! አትቅለስለስ አያ፤ ስንቅነሽ ዛሬም አልረሳችውም። ስድቡንም አንርሳ። ሲያለማምደን የማይወርድብን የለም፤ እኔ አማርኛ የለመድኩት ከሱ አፍ ስለሆነ ሰላምታ ሳላውቅ ስድብ አወቅሁ። ተጋጣሚን ግን ክፉ ቃል ሲናገር አልሰማሁትም።

ያ መቀመጡ ግን! ወላሂ፣ በዚያ ስንቱን ጨዋታ ተሸነፍን! ሩሯን ይዞ ይሮጣል፤ እንጨት መሆኗን ረስተን እንደ ነፍስ የምናሳድዳትን ኳስ። ልናሸንፍ ነው፤ አገር እልል ይላል። አንዱ ከኋላ ይጠልፈዋል። በቃ! ዱላውን ያስቀምጣል፤ ቁጭ። እነሱ ሩሯን ይዘው ላጥ። እሱ እዚያ ተቀምጦ ሣር ይነጫል።

አንድ ዓመት እንደዚያው ተሸንፈን ስንመለስ አብሮን የሚጫወተውን ሙርሳልን አላስችል አለው። «አያ፣ ንዴት እኮ ጉልበት ነው! ያልተናደደ ሰው ምን ይመታል? ሰው የሚያሸንፈው ደሙ ሲፈላ ነው!»

«ደምህ ይፍላ፤ ማን ከለከለህ?» አለው አያ ደስታው።

«አንተ ነሃ! ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ሲሉ ሰምተህ ነው የምትቀመጠው?»

«እሱ ለጌታ ነው። ጌታ በርጩማው ላይ ሆኖ ነው የሚያየው፤ ዱላ አልያዘ። እኔ ሎሌው ግን እቆጣለሁ። ከማናችሁም በላይ እቆጣለሁ። ቁጭ ብዬ ነው የምቆጣው።»

«ቁጭ ብለህ ተቆጥተህ ታዲያ ምን ታመጣለህ?»

«ምንም። ቆሜ ከሆነ ግን አመጣለሁ።»

ሳቅንበት። እኔም ከሙርሳል ጋር ነበርኩ። አርጅቶ ነው፣ ፈርቶ ነው፣ ተባባልን። ለነገሩ አሁንም ቢሆን የሙርሳልን ነገር ጨርሼ አልጥልም፤ በንዴት የሚሮጥ ሰው ፈጣን ነው፤ አይቻለሁ። ወዴት እንደሚሮጥ ግን አያውቅም።

እንግዲህ ዘንድሮ ገና ዕለት የሆነውን ያላየ ይስማ። ያየም ይስማው፤ እኔ ሳልናገረው ከሄደ ይቆጨኛል።

ታናሽ ወንድሜ ጁምዓ የሚጫወተው ለገበያው ነው። እኔ ከሰፈር፣ እሱ ከገበያ፤ እናታችን ደግሞ መሐል ቆማ ለሁለታችንም ትጸልያለች። ጁምዓ የዚያን ቀን ተበሳጭቶ ነበር፤ አያ ደስታው ሩሯን ደጋግሞ ነጥቆታል፤ ሴቶቹም ስቀውበታል። በመጨረሻ ሩሯን ተወና እጅ ላይ መታ። ሆን ብሎ ነው፤ ወንድሜ ነው ብዬ አልሸፍንለትም። የአያ ደስታው ጣት ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት።

የአያ ዱላ ወደ ላይ ወጣ። ያን ዱላ ታውቁታላችሁ። ጁምዓ የራሱ ዱላ ከእጁ ወድቆበት ባዶ እጁን ቆሟል። እናቴ ጮኸች። 

ጎበዝ፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ዱላው ቢወርድ ወንድሜ ይሞታል። ወንድሜ ከሞተ ደሙን መመለስ በኔ ላይ ነው፤ የአባቴ ልጅ ሌላ የለም። እንግዲህ አብሮኝ የበላውን፣ ልጄ ሲታመም በጀርባው አዝሎ ወጌሻ ቤት የወሰደውን ይህን ሰውዬ ልገድለው ነው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዱላው ሳይወርድ ነው።

ዱላው ወረደ፤ መሬት ላይ፣ ቀስ ብሎ። አያ ደስታው ቁጭ አለ።

የገበያው ሰዎች ሩሯን ከወሰን አሳለፏት። በመጨረሻ ጨዋታውን ተሸነፍን። ሙርሳል «ተነስ አንተ ሽማግሌ!» እያለ ያብዳል። እኔ ሄጄ አያ ደስታው አጠገብ ዘፍ አልኩ።

አያ ጥርሱን ነክሶ «አንተ ደሞ ምን ሆንክ? ሂድ ሩሯን ተከተል እንጂ!» አለኝ።

«አያ፣ ወንድሜን ማርክልኝ።»

«አንተን ብዬ አይደለም፤ እንዳታመሰግነኝ! የማን ወንድም እንደሆነ መቼ አየሁ? ዓይኔ ጨልሞ ነበር። ማንም ቢሆን እቀመጥ ነበር።»

አታመስግነኝ አልክ አያ። ዛሬ ግን ተሰናባች ነህና ትእዛዝህ አይሠራም፤ አመሰግንሃለሁ። እንዲያውም ያስደሰተኝ እሱ ንግግርህ ነው። ለኔ ብለህ ብትተው ኖሮ ነገ የኔ ያልሆነውን ሰው ትገድል ይሆናል ብዬ እሰጋ ነበር። ማንም ቢሆን አልክ። እነዚህ ሁሉ የተቀመጡት ሰዎች እኮ ማንም ናቸው፤ ሁሉም ራሳቸውን በአንገታቸው ላይ ይዘው ነው ሥጋ የሚበሉት። አልሐምዱሊላህ!

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ በመሄድህ እፎይ ነው የምንለው። ቅልጥማችን ያርፋል። ጆሯችን ያርፋል። የስንቅነሽ ቅቤ ያርፋል። አንተም እረፍ። ቀኛዝማቹ ለጡረታህ ቡለን ላይ መሬት ሰጥተውሃል፤ ማሽላህን ዝራበት፤ ወፍ ብቻ ነው የሚያናድድህ። ለልምምዱም አታስብ፤ ከእንግዲህ የሚያለማምደን ሙርሳል ነው። ምን ያስቃችኋል? ትናንት አንዱን ተቆጥቶ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

በሉ፣ ጠጅ የያዘ ጠጁን፣ እንደኔ ብርዝ የያዘ ብርዙን ያንሳ። ቆይ፣ አትጠጡ። የሱ ዋንጫ ባዶ ነው።

ጁምዓ! በሩ ጋ የተሸሸግከው፣ ና ወደዚህ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱን ማየት አፍረህ በየአጥሩ ሥር ስትሽሎከለክ እናያለን። ብርዙን አንተ ቅዳለት። ቢፈስም ግድ የለም፤ ቅዳ። አያ ደስታው፣ አንተም በደህናው እጅህ አትቀበለው፤ በታሰረችው ተቀበል። እንደሱ።

አያ፣ መንገድህ ይቅና። ዓባይ ጎድሎ ይጠብቅህ፤ ቡለን በሰላም ያግባህ፤ ከስንቅነሽ ጋር እርጁ፣ ጧሪ አያሳጣችሁ። እኔና ይህ ልጅ ደግሞ ከዚህ ስንወጣ ወደ አንድ ቤት ነው የምንሄደው፤ እናታችን ለሁለት ልጅ ራት አቅርባ ትጠብቃለች።

ለአያ ደስታው! ጠጡ!