የጋራዡ በርና የአብዲ በርጫ

አባዬ ባጃጁን የሚያሳድርበት ጋራዥ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለለው የብረት በሩ ሞላው ተበጥሶ በእንጨት ደግፈነው ነበር። ጎረቤታችን አብዲ በያጅ ነው። "አብዲ፣ በሩ ሰው ላይ ሊወድቅ ነው" ስለው፣ "አቦ አትነዝንዢኝ፣ ከበርጫ በኋላ እመጣለሁ" ይለኛል። በማግስቱም ያው ነው። አንድ ቀን ለበርጫው ሊቅመው የገዛውን ጫት ሰርቄ ጋራዡ ውስጥ ደበቅኩና "በሩን ስራና ውሰድ" አልኩት። ስቆብኝ ሄዶ ሌላ ገዛ።

በነጋታው እንጨቱ ተንሸራተተና በሩ የአባዬ እጅ ላይ ወረደ። ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። አሁን ባጃጁን ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። አብዲ ማንጎ ይዞ ሊጠይቀው መጣና "አቦ፣ እንዲህ አስቸኳይ መሆኑን ለምን አልነገራችሁኝም?" አይል መሰላችሁ!

"ከበርጫ በኋላ ልንነግርህ ነበር" አልኩት። በቀልዴ ሁሌ የሚስቀው አባዬ እንኳን አልሳቀም።